እፅዋት ያሉበት አኳሪየም ዕድሜው ሲገፋ

መቶ ሊትር የሚይዝ መስታወት፣ ከታች አፈርና አሸዋ፣ ከላይ መብራት፣ መሃል ላይ እፅዋትና ጥቂት ዓሣ። ይህን አቋቁሞ ማረጋጋት የወር ተኩል ሥራ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ይኸው ሳጥን በሁለተኛው ወር፣ በስምንተኛው ወርና በሁለተኛው ዓመት የሚጠይቀው እንክብካቤ አንድ አይደለምና። ዓሣ በጅምላ የሚያልቀው በሁለት ጊዜ ነው። አንዱ ሁሉም የሚፈራው የመጀመሪያው ወር ነው። ሌላው ማንም የማይጠብቀው ነው፤ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ኩልል ብሎ እየታየ።

ከዚህ በታች ያሉት መጠኖች ሁሉ ለ100 ሊትር ውሃ የተሰሉ ናቸው። የእናንተ 60 ሊትር ከሆነ በ0.6 አባዙ። የምትቆጥሩት ደግሞ አፈሩና ድንጋዩ ከገባ በኋላ በባልዲ እየለካችሁ የጨመራችሁትን ውሃ ነው። 80 በ35 በ40 ሳንቲሜትር የሆነ መስታወት በወረቀት ላይ 112 ሊትር ነው፤ በተግባር ከ90 ብዙም አይዘልም።

ከፍታውና ብርዱ

ቪዲዮዎቹ የሚሰጡት ምክር በአብዛኛው ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በአየሩ ግፊት ይወሰናል፤ ባሕር ጠለል ላይ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሊትር 9 ሚሊግራም የሚይዝ ውሃ ደብረ ማርቆስ ላይ 6.8 ገደማ ብቻ ይይዛል። ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ለ100 ሊትር 30 ትንንሽ ዓሣ የሚል ምክር ስታገኙ ወደ 20 አውርዱት፤ የፊልተሩን (የውሃ ማጣሪያውን) መውጫም የውሃውን ገጽ እንዲያናውጥ አድርጋችሁ አዙሩት። እፅዋት ኦክስጅን የሚሰጡት ብርሃን ሲያገኙ ነው። ሌሊት እነሱም ከዓሣው ጋር ይሻሙታል። ዓሣው ጎህ ሲቀድ ገጹ ላይ ተንሳፎ አፉን የሚከፍት፣ ረፋድ ላይ ግን ደህና የሚሆን ከሆነ በሽታ አትፈልጉ፤ የጎደለው አየር ነው።

ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ ብርዱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማሞቂያ የሌለው ውሃ በክረምትና በኅዳር ሌሊት ከ18 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ ማሞቂያ ይበቃል። ማሞቂያ ማስገባት ካልተፈለገ ዝርያውን ለብርዱ መምረጥ ነው፦ ዚብራ ዳንዮ 18 ዲግሪን ይችላል፤ ጉፒና ሞሊ ከ22 በታች ሲቆዩ ክንፋቸውን ይሰበስቡና መታመም ይጀምራሉ። ወርቃማው ዓሣ ብርድ ይወዳል፤ ነገር ግን አሸዋ ሲቆፍር እፅዋቱን ይነቅላል፣ የለሰለሰውን ቅጠልም ይበላል። ለእፅዋት አኳሪየም አይሆንም፤ ቀረሶም እንዲሁ። አምባዛ ጫጩት ሆኖ ሲታይ ያሳሳል፣ ግን ከአንድ ሜትር በላይ የሚያድግ ዓሣ ነው።

አፈሩ

የመጀመሪያውን ወር ባክቴሪያ በአጭሩ እንለፈው። የዓሣ ኩስና የተረፈ ምግብ አሞኒያ ይሆናል፤ አንዱ የባክቴሪያ ወገን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። የፊተኞቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ፣ ሦስተኛው የእፅዋት ምግብ ነው። ባክቴሪያዎቹ በፊልተሩ ስፖንጅና በአሸዋው ላይ እስኪባዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ውሃ ከዚያም ይረዝማል። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይገባም። በዚህ ጊዜ መስታወቱን የሚያለብሰው ቡናማ ብናኝ በራሱ ይጠፋል፤ አትጨነቁበት።

አፈሩን ግን ዘለግ አድርገን እንየው፤ የዓመቱን ዕጣ የሚወስነው እሱ ነው። ከውጭ የሚገባው ባለ ከረጢት አፈር ውድ ነው። የጎጃም ቀይ አፈር በቂ ነው፤ ቅላቱ ከብረት የመጣ ስለሆነ ለሥር ይጠቅማል። ማዳበሪያም ሆነ ፀረ አረም ካልነካው ቦታ ከላይ ያለውን ሣር ገፋችሁ ቆፍሩ፤ በወንፊት ንፉ፤ በሳፋ ውሃ ዘፍዝፋችሁ የተንሳፈፈውን ሥርና ገለባ አስወግዱ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ማዘፍዘፉና ማድረቁ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገም። ያልበሰበሰ ነገር ውስጡ ከቀረ ውሃው ሥር መበስበሱ አይቀርም። ከዚያ 2 ሳንቲሜትር ያህል አንጥፋችሁ፣ በላዩ ከ3 እስከ 4 ሳንቲሜትር የታጠበ ደረቅ አሸዋ፣ ፍሬው ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነውን፣ አልብሱት። ዋልካ ለዚህ አይሆንም፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ አንድ ተክል በነቀላችሁ ቁጥርም ውሃውን ያደፈርሳል። ፍግም አይጨመርም።

ዩሪያን በተመለከተ ቃሉ አንድ ነው፦ አይሞከርም። ማዳበሪያው በየገበሬው ቤት ስላለና በቆሎውን ስለሚያለመልም ለውሃ ተክልም የሚሠራ ይመስላል። አንድ ግራም ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ውስጥ ተሰባብሮ በሊትር 4.7 ሚሊግራም ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይሰጣል፤ ይህ አኳሪየሙን ባዶ ለማድረግ ከበቂ በላይ ነው። ዳፕና ኤንፒኤስም ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ሊለወጥ የሚችል አሞኒየም ስላላቸው ከዚያው ወገን ናቸው።

ድንጋይ ስታስገቡ ኮምጣጤ ጠብ አድርጉበት። ከደጀን ወርዶ በአባይ በረሃ የሚታየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ ቀስ እያለ እየሟሟ የውሃውን ማዕድን ያበዛል። ጥቁሩ ባዛልት ዝም ይላል፤ እሱን እንደ ልብ ተጠቀሙ። የኖራውን ድንጋይ ግን አትጣሉት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ከሦስተኛው እስከ አሥረኛው ወር፦ መመገብና መቁረጥ

አፈሩ ትኩስ እያለ ተክሉ ከታች ይበላል። ሦስተኛው ወር ሲያልፍ እድገቱ ይፈጥንና ምግቡ ከውሃው ማለቅ ይጀምራል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቅጠል ሲገረጣ መብራት ይጨምራል። የተራበን ተክል በብርሃን ማጣደፍ በሬን ሳያበሉ እንደ መጥመድ ነው፤ ተክሉ ሲደክም ትርፉን ብርሃን አልጌው (መስታወቱንና ቅጠሉን የሚያለብሰው ዋቅላሚ) ይወስደዋል።

ምን እንደጎደለ ቅጠሉ ይናገራል፤ ዋናው ጥያቄ አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ የሚል ነው። ቡሬና ሜጫ በቆሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፦ ናይትሮጅን ሲጎድል የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ተነሥቶ መሃሉን ይዞ ይቢጫል፤ ተክሉ ከአሮጌው ነቅሎ ለአዲሱ ስለሚሰጥ። ውሃ ውስጥም ሕጉ ያው ነው። አሮጌ ቅጠል ሙሉ በሙሉ ሲቢጭ ናይትሮጅን፣ አሮጌ ቅጠል ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ሲወጣና ዙሪያው ሲቢጭ ፖታሺየም ጎድሏል። አዲሱ ቡቃያ ነጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ብረት ነው፤ ብረት ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ አይሄድምና።

ፖታሺየም ናይትሬት ከኬሚካል ሻጭ ሲገኝ፣ 1.6 ግራም በ100 ሊትር ውሃ ናይትሬትን በ10፣ ፖታሺየምን በ6 ሚሊግራም በሊትር ከፍ ያደርጋል። ሞኖፖታሺየም ፎስፌት 0.15 ግራም ፎስፌትን በ1 ሚሊግራም ያነሣል። ይህን ያህል ትንሽ ነገር በቤት ሚዛን መመዘን ስለማይቻል 15 ግራም ሞኖፖታሺየም ፎስፌት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አሟሙታችሁ በመርፌ 10 ሚሊሊትር እየቀዳችሁ ጨምሩ። በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። የምትፈልጉት ናይትሬት ከ10 እስከ 20፣ ፎስፌት ከ0.5 እስከ 1 ሆኖ እንዲቆይ ነው። ዓሣችሁ ብዙ ከሆነና ናይትሬቱ ሳይጨመር 20 ካለ ፖታሺየም ናይትሬቱን ተዉት፤ የዓሣው ኩስ ሥራውን ሠርቷል።

ሁሉንም በትክክል መለካት ለማይችል ሰው የሳምንቱ ውሃ ቅየራ ራሱ ሚዛን ነው። በየሳምንቱ ግማሹን ውሃ የሚቀይር ሰው የሚጨምረው ነገር፣ እፅዋቱ ምንም ባይበሉት እንኳ፣ ከሳምንታዊው መጠን እጥፍ በላይ ሊከማች አይችልም። ሩቡን ብቻ የሚቀይር ከሆነ እስከ አራት እጥፍ ይደርሳል። ብዙ የሚመግብ ብዙ ይቀይር፤ ትንሽ የሚመግብና ዓሣው ጥቂት የሆነ በሳምንት ከ20 እስከ 25 ሊትር ይበቃዋል። የቧንቧ ውሃ ክሎር ስላለው በሰፊ ሳፋ ቢያንስ ለ24 ሰዓት ይደር፣ አየር የሚነፋ ፓምፕ ቢኖርበት ይመረጣል። በክረምት የወንዙ ውሃ ሲደፈርስ ክሎሩ ከወትሮው ሊጨመር ስለሚችል ሁለት ቀን ይደር። የጉድጓድ ውሃም ሳያድር አይገባም፤ ክሎር ባይኖረውም ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው።

መቀሱን በተመለከተ ሁሉም ተክል በአንድ ዓይነት አይቆረጥም። ሃይግሮፊላንና ሮታላን የመሰሉ ባለ አገዳዎች ከአንጓ በላይ ሲቆረጡ ከዚያው አንጓ ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ሦስት አራት ጊዜ ከተቆረጡ በኋላ ግን ከታች ብርሃን ስለማያገኙ ይመለጣሉ፤ ያን ጊዜ ሥሩን ነቅላችሁ ጣሉና የላይኛውን 10 ሳንቲሜትር መልሳችሁ ትከሉ። እንደ ቄጤማ ረጃጅም ቅጠል ያለው ቫሊስኔሪያ መሃሉ ላይ አይቆረጥም፤ ከቁስሉ ጀምሮ ይበሰብሳል። የውጭውን ቅጠል ከሥሩ አውጡት፤ በአሸዋው ሥር የሚዘረጋውን ሐረግም ልጅ ተክሉ አራት ቅጠል ሲያወጣ ቆርጣችሁ ለዩት። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን ግንዳቸው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ይሞታሉ፤ ድንጋይ ላይ በክር ይታሰሩ። ክሪፕቶኮሪን ከተተከለበት ከተነቀለ ቅጠሉ ሁሉ ሊቀልጥ ይችላል፤ ሥሩን ካልነካችሁት በወር ተኩል ውስጥ ያቆጠቁጣል። በአንድ ቀን ከጠቅላላው ሲሶ በላይ አትቁረጡ፤ ምግቡን የሚበላው ሲጠፋ አልጌው ይተካል።

ከሰል አየሩን (ካርቦን ዳይኦክሳይዱን) የሚጠይቁ ቀያይ ተክሎች ካሏችሁ ጠላ የጠነሰሰ ሰው መሣሪያውን ያውቀዋል። በሁለት ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 200 ግራም ስኳርና የሻይ ማንኪያ ሩብ እርሾ። ክዳኑን በስታችሁ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ አስገቡና በማጣበቂያ ድፈኑ። ጋዙ መጀመሪያ ውሃ ወዳለበት ሌላ ትንሽ ጠርሙስ ይግባ፤ አለበለዚያ ሲፈላ አረፋው ወደ ዓሣው ይደርሳል። ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይሠራል። ቱቦው ላይ መቆጣጠሪያ አድርጋችሁ ጋዙን ፈጽሞ አትዝጉት፤ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ዓሣው ጠዋት የሚያለከልክ ከሆነ ማታ ማታ ቱቦውን ከአኳሪየሙ አውጡት።

አልጌ

አልጌን በመድኃኒት ከማባረር በፊት መብራቱን ቁጠሩ። ለአብዛኛው አኳሪየም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል፤ በመስኮት የሚገባ ቀጥተኛ ፀሐይም ይቆጠራል። እዚህ ላይ ማንም የማያስበው ነገር አለ። የአኳሪየሙን መብራት በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋው ባለ ጥርስ ሰዓት ኤሌክትሪክ ሲጠፋ አብሮ ይቆማል። በሳምንት በድምሩ አሥር ሰዓት ከጠፋ፣ ረፋድ ላይ እንዲበራ ያዘዛችሁት በሳምንቱ መጨረሻ ማታ ላይ ይበራል። እሑድ እሑድ ሰዓቱን አስተካክሉ ወይም ባትሪ ያለውን ግዙ።

ክር የሚመስለው ከመጠን ያለፈ ብርሃን ምልክት ነው፤ በጥርስ ብሩሽ ጠቅልላችሁ አውጡና መብራቱን በሁለት ሰዓት ቀንሱ። ቅጠል ጫፍ ላይ የሚበቅለው ጥቁር ጢም የከሰል አየሩ አንድ ቀን በዝቶ አንድ ቀን ሲጠፋ ይመጣል፤ እርሾው የደከመበትን ጠርሙስ ሳትዘገዩ መቀየር ይሻላል። ሰማያዊ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ቆዳ የሚገፈፍና የሚከረፋው አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው፤ ናይትሬት ዜሮ ሲሆንና ውሃው በማይንቀሳቀስበት ማዕዘን ይወጣል። በጎማ ሳቡት፣ አኳሪየሙን በጋቢ ሸፍናችሁ ሦስት ቀን አጨልሙት፣ አየር ይነፋበት፤ ከዚያ ናይትሬቱን ወደ 10 መልሱ። ውሃው ራሱ እንደ ጎመን ጭማቂ ሲያረንጓድም ሦስቱ ቀን ጨለማ ይሠራል።

(ከድንጋይ ላይ አልጌ እየፋቀ የሚበላ ዓሣ የጎጃም ወንዞችም አላቸው። ጋራ ደምበጫ የሚባለው ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሳይንስ ሲመዘገብ ስሙን ያገኘው ከደምበጫ ነው። የሚኖረው ግን በሚፈስ ውሃ ስለሆነ ለቆመ ሳጥን አይመከርም።)

ዓመት ካለፈ በኋላ

ባክቴሪያ አሞኒያን ወደ ናይትሬት ሲለውጥ አሲድ ይፈጥራል። ይህን አሲድ የሚያበርደው በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦኔት ነው፤ አንድ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ሲለወጥ 7 ሚሊግራም ገደማ ካርቦኔት ይበላል። እፅዋቱ ናይትሬቱን ሲመገቡ ከዚህ የተወሰነውን ይመልሳሉ፤ ምግብ በብዛት የሚሰጥበትና ውሃው እምብዛም የማይቀየርበት አኳሪየም ግን በየወሩ ይከስራል። በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ካርቦኔቱ ሲያልቅ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ ውሃው አሲድ ሆነ ማለት ነው) በድንገት ከ6 በታች ይወርዳል፣ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ያቆማሉ፣ አሞኒያው መከማቸት ይጀምራል። ዓሣው ግን አይሞትም፤ አሲዳማ ውሃ ውስጥ አሞኒያው አሞኒየም ሆኖ ስለሚቀመጥ ያን ያህል አይመርዝም።

ገዳዩ የሚመጣው በመልካም አሳብ ነው። ባለቤቱ "ከቆየ ደህና አድርጌ ላጽዳው" ብሎ 70 ሊትር አውጥቶ ፒኤቹ 8 የሆነ የቧንቧ ውሃ ይሞላል። ፒኤች ከ6 ወደ 8 ሲዘል መርዛማው አሞኒያ መቶ እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ማታ የጸዳው አኳሪየም ጠዋት ሬሳ የተንሳፈፈበት ይሆናል፤ ጥፋቱም በክሎሩ ይሳበባል።

ስለዚህ ለወራት የተዘነጋ አኳሪየም ሲያጋጥማችሁ መጀመሪያ ፒኤችን፣ የካርቦኔት መጠንንና አሞኒያን ለኩ። ካርቦኔቱ ከ2 ዲግሪ (የካርቦኔት መለኪያ እንጂ የሙቀት አይደለም) በታች ከሆነ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 10 ሊትር ብቻ ቀይሩ፣ የዓሣውን ምግብ በግማሽ ቀንሱ። 3 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በ100 ሊትር ካርቦኔቱን በአንድ ዲግሪ ያነሣል፤ አሞኒያው ዜሮ ከሆነ በኋላ፣ በቀን ከአንድ ዲግሪ ሳይበልጥ፣ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ እስኪደርስ ጨምሩ። ኋላ እንፈልገዋለን ያልነው የደጀን ድንጋይ እዚህ ላይ ይመጣል፦ ሁለት እፍኝ ተፈጭቶ፣ በስስ ካልሲ ታስሮ ፊልተሩ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃው አሲድ በሆነ ቁጥር በራሱ እየሟሟ ይተካል።

ተቃራኒው ችግር በጋ ላይ ነው። ክዳን የሌለው 80 በ35 መስታወት በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ያተናል፤ በስድስት ወር አንድ ሙሉ አኳሪየም ውሃ ማለት ነው። ውሃው ይሄዳል፣ ማዕድኑ ይቀራል፤ በቧንቧ ውሃ በተሞላ ቁጥር ይደራረባል። የጎደለውን ለመሙላት በክረምት የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ የተሻለ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዝናቦች ጣሪያው ይታጠብባቸው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን በተሸፈነ ጀሪካን ያዙ። ቆርቆሮው ዚንክ ስለሚለቅ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ላለበት አይሁን። የዝናብ ውሃ ካርቦኔት ስለሌለው ለመሙያ እንጂ ለሳምንቱ ቅየራ ብቻውን አይሆንም።

አሸዋውም ያረጃል። በዓመቱ በሥርና በዝቃጭ ይጠቀጠቃል፤ በቀጭን ሽቦ ሲወጋ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት አረፋ ካወጣ አየር አጥሮታል። ሁሉንም በአንድ ቀን ማገላበጥ ያን ጋዝ በአንዴ መልቀቅ ነው፤ በሳምንት አንድ ሩብ ወለል ብቻ ወጋ ወጋ አድርጉ፣ ዝቃጩን ከላይ ከላይ በጎማ ሳቡ። የደከመው አፈር ውስጥ ለሥር የሚሆን የማዳበሪያ እንክብል በየ2 እና 3 ወሩ ከትልልቆቹ ተክሎች ሥር ይቀበር። ስፖንጁ የሚታጠበው ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ነው፤ ቧንቧ ሥር የታጠበ ስፖንጅ ባክቴሪያው በክሎር አልቆ ወደ መጀመሪያው ወር ይመልሳችኋል።

መብራት ከአራት አምስት ሰዓት በላይ ከጠፋ ዓሣውን አትመግቡ፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አብሩ፣ ደጋ ላይ ከሆናችሁ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልሉ። ዝግ ፊልተር ውስጥ የቆመው ውሃ ይበከላል። መብራት ሲመጣ በራሱ ከመነሣቱ በፊት ነቅላችሁ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፉ።

ከሐይቁ ማምጣትና ወደ ሐይቁ መመለስ

ጣና ዳር ሴራቶፊለምና ቫሊስኔሪያ የሚባሉት የውሃ ተክሎች በነፃ ይገኛሉ። ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው። ነገር ግን በሐይቁ ዙሪያ ቢልሃርዚያ አለ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችም በእነዚሁ እፅዋት ላይ ይቀመጣሉ። እግራችሁን ነክራችሁ አትልቀሙ። የመጣውን ተክል በጓንት ሆናችሁ ቀንድ አውጣውንና እንቁላሉን ከቅጠሉ ሥር አራግፉ፤ ጠንካራ ቅጠል ያለውን አንድ እጅ በረኪና በ19 እጅ ውሃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ነክራችሁ በብዙ ውሃ እጠቡት። ሴራቶፊለም በረኪናውን አይችልም፤ ከእሱ የምትወስዱት ጫፍ ጫፉን ብቻ ይሁን፤ ዓሣ በሌለበት ባልዲ ሁለት ሳምንት አቆዩት። እምቦጭን ለጌጥ ብሎ ማምጣት ግን አያሰኝም፤ ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ያደረሰውን ሁሉም አይቷል።

በየሳምንቱ የሚቆረጠው ቅጠልም ወደ አባይ፣ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሽንት ቤት አይጣል፤ ከአንድ አንጓ ሙሉ ተክል የሚወጣባቸው ናቸው። ቆርቆሮ ላይ አስጡት፣ በእጅ ሲጨብጡት እስኪደቅ ይድረቅ፣ ከዚያ ለጓሮው ጎመን ይሁን። የምትደፉት አሮጌ ውሃም እዚያው ጎመን ላይ ይፍሰስ፤ ናይትሬቱ አለበት።